ሦስት ጊዜ የተዛወረ ቁልፍ

አማቼን ሰፈሩ የሚጠራው «ጋሽ ሜትር» እያለ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ የልኬት ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ለቅሶ ቤት እንኳ ሲቀመጥ ከኮቱ ሥር ቢጫ ጫፉ ብቅ ይላል። ልጄን ካገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። በሠርጋቸው ዕለት የሚዜውን ኮሌታ ሲያቃና ሙሽራዋን ቆማ አስጠብቋታል። ያን ጊዜ ተቆጥቼ ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ማንበብ የተለማመድኩትም በእሱ የልኬት ደብተር ላይ ነው። «አንገት፣ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ» እያልኩ ስንቱን የሰፈር ሰው ገላልጬ አነበብኩት! ስለ እሱ ስጽፍ ከአንገት ብጀምር አይፈረድብኝም፤ ነገሩም የጀመረው ከአንገት ነው።

ሱቁ ከአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪናዎች በመስኮቱ በኩል ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንደኛው የእሱ ነው፤ ሌላው የባልደረባው የቀሚስ ሰፊዋ። እሷን «መቀስ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ግን ለእጇ አይደለም፤ ለምላሷ ነው።

ሁለቱ አንድ ደንብ አላቸው። ልብስ ሰፊ ራሱን አይለካም ይላሉ። ሰው ራሱን ሲለካ ሆዱን ያስገባል፣ ትከሻውን ያነሣል፣ ሜትሩንም ያባብላል። ስለዚህ በየዓመቱ እሱ ለእሷ አንድ ቀሚስ፣ እሷ ለእሱ አንድ ሸሚዝ ይሰፋሉ። በዚህ ደንብ ሃያ ዓመት ኖሩ። ይህ ነገር በደረሰበት ዓመት ግን መቀስ ደረጃው ላይ አዳልጧት ወደቀችና ቀኝ እጇ ተሰበረ። አምስት ወር ቤቷ ተቀመጠች፤ የእሱም ሸሚዝ ሳይለካ ቀረ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አማቼ ልብስና ሰው ሲጣሉ ሁልጊዜ የሚፈርደው በልብሱ ላይ ነው። «ልብስ ነው ለሰው የሚታዘዘው» ይላል። የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ልጅ ያድጋል ብሎ አራት ጣት ትርፍ ያጥፋል። ደንበኛ ወገቡ ቢሰፋ ያሰፋለታል፣ ቢከሳ ያጠብለታል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ጨዋነት ይለዋል።

ታዲያ የገዛ ኮሌታው ሲያንቀው ምን አደረገ? የላይኛዋን ቁልፍ ፈትቶ ትንሽ ወደ ጠርዙ አዛወራት። ከወር በኋላ ደግሞ አዛወራት። እኔ ሸሚዙን ስተኩስ ነው ያየሁት፤ አንዷ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተዛውራ ኖሮ፣ የተወችው የመርፌ ቀዳዳ እንደ ጉንዳን መንገድ ተደርድሯል።

«ልጄ፣ ይቺ ቁልፍ ምነው ተሰደደች?» አልኩት።

«ወፈርኩ እኮ እማማ! የልጅዎ እጅ ነው ያበላሸኝ» ብሎ ሳቀ።

ቀበቶውን አየሁት። በሁለት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገብቷል። በአንገቱ ብቻ የሚወፍር ሰው አይቼ አላውቅም። አየሁ፣ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም።

በዚያው ሰሞን ግራ ጆሮው ተደፈነ። ጥጥ የተጎሰጎሰበት ይመስለኛል ይል ነበር። ከመኪናው ጩኸት ነው፣ ከጨርቁ ብናኝ ነው አለ። አንድ ክሊኒክ ጆሮውን አጠቡለት፤ ጠብታም ሰጡት፤ ለውጥ የለም። ጠዋት ጠዋት አክታውን ሲተፋ ደግሞ ቀጭን ቀይ ነገር ይታይበታል። ልጄ ደንግጣ ስትጠይቀው «የቀይ ክር ብናኝ ነው» አላት። ያን ወር ሱቁ ውስጥ የተሰፋው ሁሉ ሰማያዊ ዩኒፎርም ነበር።

መቀስ እጇ ድኖ የተመለሰች ቀን ምሳ ይዤላቸው ሄጄ ነበር። ነጭ ሆኖ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ያለው የሸሚዝ ጨርቅ ይዛ መጥታለች። የቀረውን ዓመት ልትክስ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ መንጭቃ ወሰደችው።

«ቀጥ በል።»

«ቀጥ ብያለሁ።»

«አንገትህን አታዝምም!»

«አላዘመምኩም፤ አንቺ ነሽ ስትወድቂ የተጣመምሽው።»

ለካችና ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። «አርባ አንድ። አምና ሠላሳ ስምንት ነበርክ።»

«ወፈርኩ አልኩሽ እኮ።»

«የቱ ጋ? ሱሪህ በቀበቶ ልመና ነው የቆመው!»

ከዚያ ሌላ ሰው የማያደርገውን አደረገች። ከማጅራቱ አጥንት ላይ በጠመኔ ነጥብ አድርጋ፣ ቀኙን ለብቻ፣ ግራውን ለብቻ እስከ ጉሮሮው መሐል ለካች።

«ቀኝ አሥራ ዘጠኝ፤ ግራ ሃያ ሁለት» አለች። ድምጿ ዝቅ አለ። «ስብ ቢሆን ኖሮ ለሁለቱም እኩል ያካፍል ነበር። እዚህ ምን ደብቀሃል?» ጣቷን ከግራ ጆሮው በታች አሳረፈች። እኔም ቀርቤ ነካሁት። እንደ ዋልያ ቀንድ ጠንካራ አልልም፤ ግን ከሥጋ የጠነከረ፣ የድርጭት እንቁላል የሚያህል እብጠት ነበር።

«ንፍፊት ነው፤ የጥርስ ይሆናል። ቢነካም አያመኝም። ይልቅ ግራውን ትንሽ ሰፋ አድርገሽ ቁረጪው።»

«እኔ ጎባጣ ኮሌታ አልቆርጥም! ጨርቁ ባለ መስመር ነው፤ መስመር ደግሞ አይዋሽም። ግራና ቀኝህ እኩል እስኪሆኑ መደርደሪያው ላይ ይቀመጣል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«በግራዬ ቆመሽ ብትነግሪኝ በምን ልስማ?»

አልሳቀችም። ከመኪናው ላይ መርፌውን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ይሄን የምታገኘው ከሐኪም ቤት ስትመለስ ነው» አለችው። መርፌ ሌላም ነበረው፤ ግን ደፍሮ አልተከለም።

በማግስቱ ልጄ ሥራ ላይ ስለነበረች ወደ ሆስፒታሉ አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሟ ወጣት ናት። አማቼ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ አፉን ከፈተ።

«ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋዋንዎ ትከሻው ላይ ሁለት ጣት ይበዛል።»

«የእርስዎም አንገት በግራ በኩል ሁለት ጣት ይበዛል። ከእርስዎ እንጀምር» አለችው። ወደድኳት።

የትኛው ጆሮ እንደተደፈነ ጠየቀችው፤ ግራ። እብጠቱስ? ግራ። ደም አለ? ወደ እኔ አየ፤ እኔም አየሁት፤ «አለ» አለ። ማደንዘዣ አፍንጫው ውስጥ ነፋችለትና ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በቀስታ አስገባች። ከውስጥ የሚታየው ሁሉ አጠገቡ ባለ ቴሌቪዥን ላይ ወጣ።

እኔ አፍንጫ ፊት ላይ ተጀምሮ ፊት ላይ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ወደ ኋላ ብዙ ይሄዳል። «ከአፍንጫ መጨረሻ፣ ከእንጥል በላይ፣ ከራስ ቅል ወለል በታች አንድ ትንሽ ክፍል አለች» አለች ዶክተሯ። «አየር የሚያልፈው በእሷ ነው። በግራና በቀኝ ግድግዳዋ ላይ ወደ ጆሮ የሚሄድ ቱቦ አፍ አለ። ሲውጡ ወይም ሲያዛጉ ጆሮዎ ቀጭ ብሎ የሚከፈተው በዚያ ነው። ከቱቦው አፍ ኋላ ደግሞ ይቺን የመሰለች ስርጉድ አለች።» የቀኙን አሳየችን፤ ንጹሕና ጥልቅ ነው። ቱቦውን ወደ ግራ አዞረችው። ስርጉዱ የለም፤ ሸካራ ሥጋ ሞልቶታል፤ የጆሮውንም ቱቦ አፍ ተጭኖታል።

«ጆሮዎ ደህና ነው» አለችው። «በሩ ስለተዘጋ ነው ከታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ የተጠራቀመው። ስንት ቢያጥቡት ከውጭ አይከፈትም።»

ከሥጋው ቅንጣት ቆርጣ ለምርመራ ላከች። ከራሱ እስከ ሆዱም በትልልቁ መሣሪያ ፎቶ አነሡት። ከአሥር ቀን በኋላ ተቀምጠን ስንሰማ ቃሉን አላድበሰበሰችውም። ካንሰር ነው፤ ከዚያች ክፍል ተነሥቶ ወደ አንገቱ ንፍፊት ደርሷል፤ ከአንገት በታች ግን አልወረደም።

«ምን አጥፍቼ ነው?» አለ አማቼ።

«ምንም። ቁልፍ ከማዛወር በቀር» አለችው። ታሪኩን እኔ ነበርኩ ሹክ ያልኳት።

ሜትሩን በጣቱ ላይ እየጠቀለለ ፈታ፣ እየጠቀለለ ፈታ። ከዚያ «እስቲ ዶክተር፣ ቅዱን በወረቀት ይሳሉልኝ» አላት። ሳለችለት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሳይሄድ ቤት ውስጥ በቁርጥራጭ ጨርቅ ሲታገል ዋለ። ማታ ራት ላይ ያመጣው ነገር ሁለት የልጅ እጅጌ ነበር፤ ከኋላ በአንድ ቀይ የገበር ከረጢት ተጋጥመዋል። ከረጢቱ በግራና በቀኝ የውስጥ ኪስ አለው። ከየኪሱ ፊት ቀጭን የመቀነቻ ቧንቧ ወጥቶ ጫፉ ላይ ትልልቅ የኮት ቁልፍ ተሰፍቶበታል፤ ጆሮ መሆኑ ነው። የግራውን ኪስ በጥጥ ጠቅጥቆታል። ትንሿ የልጅ ልጄ ሁለት እጇን በእጅጌዎቹ አስገብታ «አባዬ አፍንጫ ሰፋ! አባዬ አፍንጫ ሰፋ!» እያለች ቤቱን ዞረችው። ልጄ የምታለቅሰውና የምትስቀው ተደባለቀባት።

«ታዲያ ቆርጠው አያወጡትም?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«መቀስ አይገባበትም» አላት ቀዩን ከረጢት ገልብጦ እያሳያት። «እዚህ ላይ አንጎል ነው፤ እዚህ ጎኑ ትልልቅ የደም ሥር ነው። ደግሞ ይሄ ዓይነቱ ጨረር ይፈራል አሉ። ሠላሳ ሦስት ቀን ጨረር፣ መሐል መሐሉን በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት። አንድም ቀን መጉደል የለበትም።»

መጀመሪያ ወደ ጥርስ ሐኪም ላኩት፤ ጨረሩ ምራቅ ስለሚያደርቅ የተበላሸ ጥርስ አስቀድሞ መነሣት አለበት። ሁለት ነቀሉለት። ከዚያ ጭምብሉ መጣ። ጭምብሉ መጀመሪያ እንደ ወንፊት የተበሳ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው። በሙቅ ውኃ ሲነከር እንደ ጨርቅ ይልመዘመዛል፤ ፊቱና ትከሻው ላይ ሲያነጥፉት ቅርጹን ይዞ ይደርቃል። በኋላ ተኝቶ ጨረር ሲሰጠው ጭንቅላቱ ንቅንቅ እንዳይል ከአልጋው ጋር ይቆለፋል። ሌላው ሰው ይፈራዋል አሉ። እሱ ግን በደስታ ተመለሰ።

«እማማ፣ ስፌት የለው፣ ቁልፍ የለው፣ በአሥር ደቂቃ ልክክ! እኛ ሰው ስናሠቃይ ነው የኖርነው።»

ደስታው ሁለት ሳምንት ቆየ። በሦስተኛው ሁሉ ነገር ካርቶን ካርቶን ይለው ጀመር። አፉ ቆሰለ። የአንገቱ ቆዳ ጠቆረ፤ «ካውያ ረስተውብኝ ሄዱ» ይል ነበር። ከውኃ ጠርሙሱ ጋር ተጋባ፤ ሁለት ቃል ተናግሮ አንዴ ይጎነጫል። ሾርባ ቀዝቅዞ ካልሆነ አይወርድለትም። ልጄ በማንኪያ፣ እኔ በተረት ይዘነው እንውላለን።

አንድ ከሰዓት ከሆስፒታል ስንመለስ ሱቅ እንግባ አለኝ። ባለ መስመሩ ጨርቅ መደርደሪያው ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቆሞ አየው።

«ስሚ» አላት መቀስን፤ ውኃ ጠጣ። «ስፊው በቃ። ጎባጣም ቢሆን። ምናልባት…»

መቀስ ከመኪናዋ ቀና አላለችም። «ለምናልባት አልሰፋም» አለች። «ለምናልባት የሚሰፋ ልብስ ኪስ የለውም። ስንት ቀን ቀረህ?»

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት ቁልፍ ለመትከል ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?»

«ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።»

«እንግዲህ ቁልፍ ትከል። አንድ በአንድ።»

ከማግስቱ ጀምሮ ከሆስፒታል ሲመለስ አንዲት ቁልፍ በአሮጌ ጨርቅ ላይ ይተክላል። ልጆቹ ይቆጥሩለታል።

በአምስተኛው ሳምንት የሆነውን የነገረኝ የጨረር ክፍሉ ባለሙያ ነው። ውጭ ተቀምጬ ስጠብቅ እየሳቀ መጣ።

«እማማ፣ እኚህ ሰውዬ ጭምብሉ ሰፋኝ ይላሉ። ሌላው በሽተኛ ሁሉ ጠበበኝ ነው የሚለው!»

አማቼ ከኋላው ብቅ አለ። «አገጬ ሥር ጣት ያስገባል» አለ ሜትሩን በእጁ ይዞ። «ግራ ጉንጬ ላይ ደግሞ ይነፋል። ጭንቅላቴ ከተንቀሳቀሰ ጨረሩ ሌላ ቦታ አያርፍም? ለዶክተሯ አሳዩልኝ ብያለሁ፤ እሷ ካላየችው አልተኛም።»

ባለሙያው ሳቁን ትቶ ዶክተሯን ጠራት። ለካስ በሚዛን ስምንት ኪሎ ቀንሷል፤ እብጠቱም ሟሙቷል፤ አንገቱ ጭምብሉ ሲሠራ የነበረው አንገት አይደለም። እንደገና አነሡት፣ አዲስ ጭምብል ሠሩለት፣ የጨረሩንም ልክ እንደገና አወጡ። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ሆስፒታል ዋልን።

«በየሳምንቱ እናያለን፤ ነገ ተነገ ወዲያ እኛም እናገኘው ነበር» አለች ዶክተሯ። «ግን ቀድመው ነገሩን። አንዳንዱ ሰፋ ሲልለት ስለሚመቸው ዝም ይላል።»

«እኔም አንዴ ስለተመቸኝ ዝም ብዬ ነው እዚህ የተገናኘነው» አላት።

በዚያ ምሽት እንደ ሕፃን ተኛ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሕመሙን ይደብቃል ብዬ አልፈራሁም።

የመጨረሻዋን፣ አሥራ ስምንተኛዋን ቁልፍ ልጆቹ ናቸው የተከሉት፤ ጠማማ ናት፤ እስካሁን አልነቀላትም። ከዚያም መጠበቅ ሆነ፤ ሦስት ወር። መንጋጋው እንዳይታሰር አፉን የመክፈት ልምምድ ታዘዘለት። ጠፍጣፋ እንጨቶች ደራርቦ ጥርሱ መሐል ያስገባል፤ በየሳምንቱ አንዳንድ ይጨምራል። ልጆቹ ከጎኑ ተሰልፈው ማን ሰፊ ይከፍታል እያሉ ይወዳደራሉ። ሜትሩን ይዛ የምትዳኘው ትንሿ ናት፤ ሁልጊዜም ራሷን ታስበልጣለች።

የቀጠሮው ዕለት ዶክተሯ የለበሰችው ጋዋን ትከሻዋ ላይ ልክክ ብሏል። በመጠበቂያ ቀኖቹ አጥብቦላት ኖሯል። ቀጭኑን ቱቦ አስገባች። ቀኙን አየን፤ ስርጉዱ ጥልቅና ንጹሕ ነው። ወደ ግራ አዞረችው። እኔ የወንበሩን ክንድ ጨብጬ ነበር። የግራውም ስርጉድ አለ! ትንሽ ገርጥቷል እንጂ ጥልቅ ነው፤ የቱቦውም አፍ ተከፍቷል። ከመሣሪያው የመጣውም ፎቶ ከዚሁ ጋር ተስማማ።

«ጨረስን አልልዎትም» አለች። «ለዓመታት በየጊዜው እየመጡ ያሳዩኛል። ምራቅዎም እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ዛሬ ግን እዚያ ምንም አይታየኝም።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቅ ሄድን። ልጄም ከሥራዋ አስፈቅዳ መጣች። መቀስ ምንም ሳትጠይቅ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ወሰደች፤ ማጅራቱ ላይ በጠመኔ ነጥብ አደረገች።

«ቀጥ በል።»

«ቀጥ ብያለሁ።»

«ቀኝ አሥራ ስምንት» አለች። ወደ ግራ ዞረች፤ ለካች፤ ደግማ ለካች። «እማማ፣ ይጻፉ» አለችኝ።

ደብተሩን ከፍቼ በእሱ ገጽ ላይ በእጄ ጻፍኩ። አንገት፣ ቀኝ አሥራ ስምንት፤ ግራ አሥራ ስምንት።

ጨርቁን ከመደርደሪያው አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሰማያዊዎቹ መስመሮች ቀጥ ብለው ተኙ። አማቼ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከጠርሙሱ ይጠጣል፤ ፊቱ ወደ መስኮቱ ነው። መቀስ በግራው ቆማ መቀሷን አነሣችና ለራሷ እንደምታወራ ቀስ ብላ፣ «ሰውዬው እንግዲህ መልሶ ይወፍራል፤ ኮሌታው ላይ ትርፍ ልተውለት ይሆን?» አለች።

«ትርፍ እንዳትተዪ» አላት ዞር ሳይል። «ቢጠበኝ እናገራለሁ።»

መቀሱ አየር ላይ ቀረ። እኔና ልጄ ተያየን።

«አንተ!» አለች መቀስ። «በግራህ ቆሜ እኮ ነው የተናገርኩት!»